ፍየሉ ሳይጎድል እህሉ ሲጎድል
(በሰቆጣ ስለ አጥርቶ ማሰብ የተዘጋጀ ዲስኩር)

እዚህ ካላችሁት መካከል ቤታችሁ በኽምጣና የምትጨዋወቱ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ በአማርኛ ብቻ ስለምናገር በቅድሚያ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ በዕለት ተዕለት ኑሮ አጥርቶ ስለማሰብ ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ ምክር ይጋብዛል፤ እኔ ግን ምክር ይዤ አልመጣሁም። የያዝኩት ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ስናስብ ምን እየቆጠርን ነው? ከምንስ ጋር እያስተያየን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1943 ኬኔዝ ክሬክ የሚባል ወጣት ስኮትላንዳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። ሐሳቡ ሲጠቃለል፣ ሰው በጭንቅላቱ ውስጥ የዓለምን ትንሽ አምሳያ ይዞ ይዞራል፤ አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት በዚያ አምሳያ ላይ ይሞክረዋል የሚል ነው። ክሬክ ከሁለት ዓመት በኋላ በካምብሪጅ ከተማ ብስክሌት ሲነዳ በደረሰበት አደጋ በ31 ዓመቱ ሞተ፤ ዛሬ «የአስተሳሰብ ሞዴል» የምንለው ነገር ግን ከዚያች መጽሐፍ ብዙ ወርሷል። ለዚህ ለዋግ አገር ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዝናቡ ሲዘገይበት «ማሽላውን ልተወውና ጤፍ ልዝራ ወይስ ልጠብቅ?» እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ ያመሸ ሰው፣ በሬ ሳይጠምድ ማሳውን በሐሳቡ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ ጨርሷል። ሞዴል የሌለው ሰው የለም። ጣጣው የሚመጣው አንድ ብቻ ሲኖረንና እሱንም መያዛችንን ሳናውቅ ስንቀር ነው።

በእኛ ዘመን ይህን ነገር ዝነኛ ካደረጉት አንዱ ቻርሊ መንገር የተባሉት አሜሪካዊ ባለሀብት ናቸው። በኅዳር 2016 ዓ.ም.፣ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው አረፉ። አንድ ሙያ ብቻ የሚያውቅ ሰው ችግርን ሁሉ በዚያው ሙያ ይመዝነዋል፤ ስለዚህ ከሂሳቡም፣ ከሥነ ሕይወቱም፣ ከታሪኩም ዋና ዋናውን ያዙ ይሉ ነበር። ደግ ምክር ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ግን መቶ ሞዴል፣ ሁለት መቶ ሞዴል እያሉ ዝርዝር ማተም ያዙ። ዝርዝር በቃል መያዝ አጥርቶ ለማሰብ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ እኛን የሚያህል አሳቢ ባልተገኘ ነበር፤ በተረትና ምሳሌ ማን ይስተካከለናል? ችግር ደጃፍ ላይ ሲቆም አንዱ ሽማግሌ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሌላው ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ለሁለቱም ጭንቅላት ይነቀነቃል። የትኛው ለዚህ ጉዳይ እንደሚስማማ ግን ምሳሌው ራሱ አይነግረንም። ነገሩ እያደር የሚከፋ ነው ወይስ እያደር የሚበስል? ይህን ከነገሩ ላይ አይቶ መለየት የሰሚው ሥራ ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩን ትቼ እዚሁ አገራችሁ ውስጥ ያለ ነገር ላንሳ። ከፍየል ልጀምር።

አንድ የአበርገሌ አርቢ ሃያ ፍየል አለው እንበል። የምጠራው ብር ለማስረዳት ያህል ነው፤ የገበያውን ዋጋ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በደህናው ጊዜ አንድ ፍየል 6,000 ብር ያወጣል፤ አንድ ኩንታል ማሽላም 6,000 ብር ነው። ሃያ ፍየል ማለት ሃያ ኩንታል ማለት ነው። ዝናብ ቀረ። ግጦሹ ደረቀ፣ ፍየሉ ከሳ፣ ገዢውም በበኩሉ ቸገረው። አርቢው ሁሉ ደግሞ በአንድ ሰሞን ፍየሉን እየነዳ ገበያ ወጣ። ፍየሉ 3,000 ገባ፤ ማሽላው በተራው 9,000 ወጣ። አርቢያችን አንድም ፍየል አልሞተበትም። ጉረኖው በር ላይ ቆሞ ቢቆጥር ሃያው ሙሉ ነው። እህል አድርጎ ቢቆጥረው ግን ሃያው ፍየል 60,000 ብር፣ ይህም ብር ከሰባት ኩንታል ያነሰ ማሽላ ነው። ጅብ ሳይበላበት፣ ሌባ ሳይወስድበት የቤተሰቡ ቀለብ ሁለት ሦስተኛው ሄደ።

ይህ ሰው ችግሩን የሚያውቀው መቼ ነው? ቁጥሩን በፍየል ብቻ የያዘው አርቢ የሚያውቀው ገበያ ወርዶ ሲመለስ ነው። በእህል መንዝሮ የሚቆጥረው ደግሞ የፍየሉንና የማሽላውን ዋጋ ጎን ለጎን እያየ አስቀድሞ ይነቃል፤ ሌላው ሳይሸጥ ሦስት አራቱን ይሸጣል። ነቅቶም ቢሆን የሚያስጨንቀው ነገር አለ። ፍየል የአርቢው ባንክ ነው፤ ያለ ጊዜው ከሸጠና ዝናቡ ከመጣ ይቆጨዋል። እኔም በዚህ ላይ ለማንም «ሽጥ» ወይም «ያዝ» አልልም። የምለው፣ ሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን ያላየ ሰው በምርጫው ላይ ገና እንዳልደረሰ ነው።

ይህን ስሌት በመጽሐፍ አስፍረው ዓለምን ያነጋገሩት ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ናቸው። በዘጠኝ ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ1943 የደረሰውን የቤንጋል ረኀብ በዓይናቸው አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረኀብ ባሳተሙት መጽሐፍ ከቤንጋል ሌላ የኢትዮጵያን ረኀብ ለብቻው አንድ ምዕራፍ ሰጥተውታል፤ በተለይም በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰውን የወሎ ረኀብ። ዋግ ያኔ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበር።

በዚያ ዘመን የብዙ ሰው ሞዴል አጭር ነበር፤ ዝናብ ቀረ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ተራበ። ሴን መካከሉን ገብተው ፈተሹት። በአገር አቀፍ ደረጃ ምርቱ ያን ያህል አልወደቀም። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ሰው እንደሚገምተው አልናረም። ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። ማሳው የከዳው ገበሬ የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ቀን አጣ፤ እህል ገበያ ላይ ቢኖርም የሚገዛበት አልነበረውም። ነጋዴ እህሉን የሚጭነው ብር ወዳለበት ነው፤ የራበው ሆድ ብር ከሌለው ገበያው አይሰማውም። ወደ አፋር በኩል ደግሞ አርብቶ አደሩ ተደራርቦበት ነበር፦ በአዋሽ ዳር ለበጋ ያስቀመጠው ግጦሽ ለጥጥ እርሻ ተወስዷል፣ ከብቱ አልቋል፣ የተረፈውም በእህል ሲመነዘር ረክሷል። የእኛ የሃያ ፍየል ባለቤት ታሪክ ይኸው ነው።

ሴንን የተቹ ምሁራን አሉ፤ ትችታቸውም ሊደመጥ ይገባል። በወሎ ራሱ ምርቱ ክፉኛ ወድቆ ነበርና «እህል አልጠፋም» ማለት የወሎን ገበሬ አይገልጸውም ይላሉ። ሴንም የወሎ ምርት መውደቁን አልካዱም፤ ጥያቄያቸው «ታዲያ ከሌላው አገር ለምን አልመጣም?» የሚል ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ላይ ስንደርስ ደግሞ የሴን ሞዴል ብቻውን አይበቃንም። ያኔ ጦርነት ነበር፤ መንገዱም ገበያውም ተይዞ ነበር፤ እህል የት ይግባ የት አይግባ የሚለው የፖለቲካ ውሳኔ ነበር። ጥሩ ሞዴል አንድ ነገር አጉልቶ ያሳያል፣ በዚያው ልክ ሌላውን ይጋርዳል።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ሴፍቲኔት የተባለው የመንግሥት የድጋፍ መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ካነጋገሩት ጉዳዮች አንዱ ለተጠቃሚው እህል ይሰጥ ወይስ ብር የሚለው ነበር። የጎደለው የመግዛት አቅም ነው ያለ ሰው ብር ይበቃል ይላል፤ ገበያውንም ያነቃቃል። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲተኮስ ግን ያው ብር ያነሰ እህል መግዛት ጀመረ፤ ብዙ ተጠቃሚም እህሉን መረጠ። እነዚያ ሰዎች የሴንን መጽሐፍ አላነበቡም። ስሌቱን ግን ቤታቸው ውስጥ ሠርተውታል።

የመቁጠርን ነገር የዋግ ታሪክም ያውቀዋል። ዋግሹም ጎበዜ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አቅራቢያ አሰም ላይ ከሚስታቸው ወንድም ከካሣ ምርጫ ጋር ጦር ገጠሙ። የንጉሡ ሠራዊት ስልሳ ሺህ፣ የካሣ ዐሥራ ሁለት ሺህ ግድም ነበር ይባላል። እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ ግን ለካሣ መድፍና ጠመንጃ ሰጥተዋቸው ነበር፤ ጆን ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊም ወታደራቸውን አሰልጥኖላቸዋል። ካሣ አሸነፉ፤ ኋላም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። ታሪኩን ስንተርክ ተክለ ጊዮርጊስን ችኩል ማለት ይቀናናል። እኔ እዚህ ላይ አልቸኩልም። የሰው ብዛት ለዘመናት ሁነኛ የጉልበት መለኪያ ሆኖ ኖሯል፤ መለኪያው ያረጀው ከመቅደላ እስከ አሰም ባለው ሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሁሉ ሰው ስትራቴጂስት ነው። የሰውን ውሳኔ ስንመዝን በዚያን ቀን ምን ያውቅ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ልጅን ስንቆጣም ጭምር።

አሁን የዚህችን ከተማ ስም ወደያዘው ሰነድ ልምጣ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሰቆጣን ቃል ኪዳን አወጀ። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን፣ ማለትም ልጅ ለዕድሜው ከሚጠበቀው ቁመት አንሶ መቅረቱን፣ ማጥፋት ነው ቃሉ። ስሙ ሰቆጣ የተባለው በ1977 በደረሰው መከራ ምክንያት መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ደስ የማይላችሁ እንዳላችሁም እገምታለሁ። ከረኀብ ጋር ተያይዞ መጠራት ለማንም ከተማ ክብር አይደለም። ለእኔ ግን ይህ ቃል ኪዳን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ዓይን የማያየውን ነገር ጠላት ብሎ መሰየሙ ነው።

መቀንጨር ለምን አይታይም? ልጅን አጭር ወይም ረጅም የምንለው ከጎረቤት ልጅ ጋር አስተያይተን ስለሆነ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከሁለት ልጅ አንዱ ያህል በቀነጨረበት ሰፈር የቀነጨረው ልጅ ደህና ልጅ ይመስላል። ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ፍየል ይጠብቃል። እናቱ «አባቱን ወጥቶ ነው» ትላለች። አባቱም አጭር ነውና የሚከራከራት የለም። አባቱስ በልጅነቱ ምን በልቶ አደገ? ይህን የሚጠይቅ አይገኝም።

ይህን የዘር ነገር በወጉ የፈተሸ ጥናት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በስድስት አገሮች፣ በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናትን አስለካ። የተመረጡት ጡት እየጠቡ ያደጉ፣ ኑሯቸው ለዕድገታቸው እንቅፋት ያልሆነባቸው ልጆች ናቸው። የጋናውና የኖርዌዩ ልጅ፣ የሕንዱና የብራዚሉ ልጅ ቁመታቸው እጅግ ተቀራርቦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የዕድገት መለኪያ የተሠራው ከዚህ ነው። በዚያ መለኪያ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ተጋድሞ ሲለካ መካከለኛው ቁመት 87.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ81.7 በታች ከሆነ ቀንጭሯል ይባላል። «የእኛ ሰው አጥንቱ ነው» የሚለው ሞዴል እዚህ ላይ ይወድቃል። በቤተሰብ መካከል ረጅምና አጭር አይኖርም ማለት አይደለም፤ ግማሽ መንደር ከመለኪያው በታች ሲሆን ግን ነገሩን በአጥንት ማሳበብ አያስኬድም።

ልኬቱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ያውቁታል፤ ላላየው ልንገረው። ሕፃኑ ሰሌዳው ላይ በጀርባው ይጋደማል። አንዱ ሰው ጭንቅላቱን ከላይኛው እንጨት ጋር አስነክቶ ይይዛል፤ ሌላው ጉልበቱን ጫን ብሎ እግሩን ያቀናና ተንቀሳቃሹን እንጨት ወደ ውስጥ እግሩ ያስጠጋል። ልጁ ይጮኻል፣ እናቲቱ ትሳቀቃለች፣ ለኪው ይቸኩላል። ጉልበቱ ትንሽ ከታጠፈ ልጁ በወረቀት ላይ አጠረ። ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅ አቁመው ቢለኩት ደግሞ 0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠፋል። ቁጥር የሚከበረው እንዴት እንደተገኘ ሲታወቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ስለሚምታታ። በዘመቻ ጊዜ በሕፃናት ክንድ ላይ የምትጠመጠመውን ባለ ቀለም ጥብጣብ ታውቋታላችሁ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። እናት «አረንጓዴ ነው» ስትባል እፎይ ብላ ትሄዳለች። እፎይታው ተገቢ ነው፤ ጥብጣቧ ግን የምትጠይቀው ልጁ አሁን ክፉኛ ከስቷል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ባለፉት ሃያ ወራት አድጓል ወይ የሚለውን አልተጠየቀችም፤ አትመልስምም። ክንዱ አረንጓዴ፣ ቁመቱ የቀነጨረ ልጅ ሞልቷል። ለአንድ ጥያቄ የተሠራን መለኪያ የሌላ ጥያቄ መልስ አድርጎ መውሰድ ጤና ጣቢያ ብቻ ያለ ስሕተት አይመስለኝም። ተማሪን በፈተና ውጤት፣ ሠራተኛን በፊርማ ሰዓት፣ ትዳርን በድግስ የምንለካ ሰዎች ነን።

የመቀንጨር መነሻ ብዙ ነው፤ ውሃው፣ ተቅማጡ፣ ቤት ውስጥ የምታድረው ዶሮ፣ የእናቲቱ ዕድሜና የሥራ ጫና፣ የወሊድ መቀራረብ። ቃል ኪዳኑ ጤናውን፣ ግብርናውን፣ ውሃውን፣ ትምህርቱን አንድ ላይ የጠራው ለዚህ ነው። መጀመሪያ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተሞከረ፤ ከዚያ በመጣው የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ምን እንዳየች እናንተ ናችሁ ለእኔ የምትነግሩኝ። በአገር ደረጃ መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 58 በመቶ በ2019 ወደ 37 በመቶ ወርዶ ነበር። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ከሦስት ልጅ ከአንድ በላይም ነው። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ መናገር መልመድ አለብን።

ቁመት የሚሠራው ልጁ በሚበላውም ነውና፣ ስለ ድስት አንድ ነገር ልበልና ወደ ማብቂያዬ እሄዳለሁ። ልጅ ሰባት ዓመት ሳይሞላው እንደማይጾም ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ይህን የማታውቅ እናት አላጋጠመችኝም። ሆኖም በጾም ቀን ለሁለት ዓመት ልጅ እንቁላልም ወተትም የማይቀርብበት ቤት ብዙ ነው፤ ጥናቶችም ይህንኑ አግኝተዋል። የተለመደው ሞዴል እናቲቱ አታውቅም፣ ስለዚህ ትማር የሚል ነው፤ ስብሰባ ይጠራል፣ ፖስተር ይለጠፋል። ብትጠየቅ ግን መልሷ አጭር ነው፦ ድስቱ ይነካል። ቤተሰቡ የሚጾምበት ድስትና ማማሰያ ከፍስክ ጋር እንዳይነካካ ትፈራለች። ለዚህች ሴት ሌላ ትምህርት ምን ይጨምርላታል? የጎደላት የልጁ የራሱ የሆነ አንዲት ትንሽ ድስት ናት። «ምን ታውቃለች?» ብሎ መጠየቅና «ምን ከለከላት?» ብሎ መጠየቅ ወደተለያየ ቤት ያደርሳሉ። ከልጅ ጋር፣ ከባል ጋር፣ ከቢሮ ሠራተኛ ጋር ስትጋጩ ሁለተኛዋን ጥያቄ አንድ ጊዜ ሞክሯት።

እንቁላል ካነሳሁ አይቀር፣ ለውይይቱ የሚሆን እኔ ራሴ ያልቆረጥኩትን ነገር ላስቀምጥ። ዶሮ ያላት እናት እንቁላሉን ለልጇ አታበላም፤ ገበያ ወስዳ ትሸጠዋለች፤ በብሩ ማሽላ፣ ጨውና ሳሙና ትገዛለች። አማካሪው ይወቅሳታል። ግን ሂሳቧን እንይላት። የእንቁላሉ ብር በማሽላ ሲመነዘር ቤቱ ሁሉ የሚቋደሰው እንጀራ ነው፤ እንቁላሉ ግን የአንድ ልጅ ቁርስ ነው። የቤቱን ሆድ ለሚቆጥር ሰው ሴቲቱ ትክክል ናት። ቁመትን ለሚቆጥር ደግሞ ያቺ አንዲት እንቁላል በማሽላ የማትተካ ናት፤ ሁለት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ያመለጠውን ቁመት መመለስ ከባድ ነው። ሳሙናውም ቢሆን ተቅማጥን ስለሚከላከል ወደ ቁመቱ ሂሳብ ይገባል። ከአምስት እንቁላል ሁለቱን ታስቀር ወይ? ማሽላው ሲወደድስ? ባሏስ ምን ይላል፣ ብሩን የሚይዘው ማነው? እዚህ ያላችሁ እናቶችና የጤና ባለሙያዎች ይህን በየቀኑ ታዩታላችሁና መድረኩን ለእናንተ ልልቀቅ፤ ከፊት ከተቀመጡት እናቶች እንጀምር።